ሕፃኑ የሚያድገው ምድጃው አጠገብ ነው

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ባሌ ከተሞች ስለ ሮቤና ስለ ጎባ የሚነገረው ሁሉ ከተፈጥሮው ይጀምራል። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ፣ 4,377 ሜትር ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮው፣ የሐረና ደን፣ ከተራሮቹ እየፈለቁ ቆላውን የሚያጠጡት ወንዞች ይወሳሉ። ወረድ ሲሉ ደግሞ ከዲንሾ እስከ ሲናና፣ ከአጋርፋ እስከ ጋሰራ የተንጣለለው የገብስና የስንዴ ማሳ ይታያል። ይህን ያየ እንግዳ «እንዲህ ባለ አየርና እንዲህ ባለ እህል መካከል ያደገ ልጅ ምን ይጎድለዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳነቴን አያውቀውም። ቀኑን የሚያሳልፈው ከምድጃው እስከ መደቡ ባለችው ጥቂት ክንድ ቦታ ላይ ነው። የሚተነፍሰው የዚያችን ክፍል አየር፣ የሚዳስሰውና ወደ አፉ የሚያስገባው የወለሏን አፈር፣ የሚሰማው በውስጧ ያሉትን ሰዎች ድምፅ ነው። በባሌ ደጋ የልጅን አካል፣ አእምሮና አንደበት የምትቀርጸው ይህች ጠባብ ክልል ናት ብዬ አምናለሁ። ስለ ሕፃናት ዕድገት የምናወጣው ገንዘብና የምናስበው ሐሳብም እስካሁን ከደጃፏ አልፎ በበቂ ሁኔታ አልገባም።

በእህሉ ልጀምር። ባሌ ከአርሲ ጋር የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ነው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ ምድር ላይ የስንዴና የገብስ፣ የባቄላና የአተር ዝርያዎችን እየሞከረ ለገበሬው ሲያቀርብ ቆይቷል። ዝናቡ ሁለት ወቅት ስለሚሰጥ ገበሬው «ገና» እና «ቦና» ብሎ በሚጠራቸው ወቅቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ በአጨዳ ጊዜ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ሲዘዋወር ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የእህል ብዛትና የልጅ ዕድገት አብረው እንደማይሄዱ የአገሪቱ አኃዝ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው እጅግ ወደ ኋላ ቀርቷል። በኦሮሚያ ቁጥሩ ከ36 በመቶ በላይ ነበር። ጎጃምን የመሰለ የእህል አገር ያለበት የአማራ ክልል ደግሞ በ46 በመቶ ከክልሎች ሁሉ የባሰውን ቦታ ይዞ ነበር። እህል በሞላበት አገር ይህን ያህል ልጅ ከቀነጨረ፣ ጥያቄው ስንት ኩንታል ተመረተ ከሚለው አልፎ ምኑ ሕፃኑ ሳህን ላይ ደረሰ ወደሚለው መሄድ አለበት።

ያው ጥናት መልሱን በከፊል ይዟል። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ቢያንስ አራት ዓይነት ምግብ የሚያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓይነትም በጊዜም የሚበቃቸው 7 በመቶ ነበሩ። ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ስንዴና ገብስ ሆድ ይሞላሉ፤ ገንፎውና አጥሚቱም ጉልበት ይሰጣሉ። አንጎሉ ገና በመሠራት ላይ ላለ ሕፃን ግን ብረትና ዚንክ፣ ከእንስሳትና ከጥራጥሬ የሚገኝ ፕሮቲን፣ በደጋ አፈር የሚሳሳው አዮዲንም ያስፈልገዋል። ከእህል የሚገኘው ጥቂት ብረት እንኳ እዚያው እህሉ ውስጥ ባለ ንጥረ ነገር ስለሚያዝ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ስንዴ በስንዴ ላይ ከመድገም ባቄላና አተር እያፈራረቁ መዝራት አፈሩን እንደሚያድስ ለዓመታት መክረዋል። ገበሬውን ግን ገበያው ወደ ስንዴው ይስበዋል። ባቄላው ከማሳው ሲወጣ አፈሩ ናይትሮጅን፣ ልጁም ፕሮቲን ያጣል፤ ሁለቱ ጉዳቶች አንድ ምንጭ አላቸው። እንቁላሉና ቅቤው ደግሞ ለጨው፣ ለሳሙናና ለትምህርት ቤት ወጪ ሲባል ወደ ሮቤና ጎባ ገበያ ይሄዳሉ። ቤተሰቡ ልጁን ስላልወደደ አይደለም። የልጁ ጉድለት በዓይን አይታይም፤ የደብተሩ ጉድለት ግን ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ብርዱ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የዲንሾ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ያወርዳል። እናት ሕፃኗን ትሸፋፍናለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከምድጃው ታስጠጋዋለች። ከብርድ የሚገላግል ሌላ ነገር በሌለበት ቤት ይህ ጥበብ ነው። ዋጋው ግን ጢስ ነው። ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘጠኙ የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ሊኖር የሚገባውን ረቂቅ ብናኝ በ15 ማይክሮግራም ወስኖታል፤ ጭስ ማውጫ በሌለው ማድቤት ውስጥ ምድጃ ሲነድ አየሩ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያልፋል። ደጁ ላይ ከአገሪቱ ንጹሕ አየሮች አንዱ ይነፍሳል፤ ሕፃኑ ግን በግድግዳው ውስጥ ሌላ አየር ይስባል።

የተዘጋው በር ከጢሱ ሌላ የሚያስቀረው ነገርም አለ፤ ፀሐይን። ሕፃን ከብርድና ከሰው ዓይን ተጠብቆ የመጀመሪያ ወራቱን በጓዳ ሲያሳልፍ ቆዳው ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ብርሃን ያጣል። ይህ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በዶክተር ሉሉ ሙሄና በባልደረቦቻቸው የተሠራው ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በሳምባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ካልታመሙ 500 ሕፃናት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከታመሙት 210ሩ አጥንታቸው በሪኬትስ የለሰለሰ ሆኖ ተገኘ፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳምባ ምች የመያዝ ዕድሉ ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚወጣባት አገር ናት። ፀሐይዋ ሕፃኑ ከተኛበት ጥግ ባለመድረሷ የጎድን አጥንቱ ሳምባውን መሸከም አቃተው። አካባቢ ሲባል ሰፊው አገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

ወለሉም ከአየሩ አያንስም። በደጋው ጥጃና ግልገል፣ ዶሮም ጭምር ከብርድና ከጅብ ለመጠበቅ በቤት ውስጥ ማሳደር የተለመደ ነው። ዴሪክ ሄዴይና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት በገጠር ኢትዮጵያ ላይ ያተኮረ ጥናት ዶሮ ያለው ቤተሰብ ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ዶሮዋ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት የምታድር ከሆነ ግን ነገሩ ተገልብጦ ለቁመት ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል። ያችው ዶሮ በአንድ በኩል እንቁላል፣ በሌላ በኩል ኩስ ናት፤ ልዩነቱ የምታድርበት ቦታ ነው። የሚድኸው ሕፃን እጁን ከወለሉ ወደ አፉ በሚያመላልስበት ዕድሜ ከኩስና ከፍግ የሚገባው ጀርም ሁልጊዜ ተቅማጥ አያመጣም። አንጀቱን ቀስ እያለ እየጎዳ የበላውን በደንብ እንዳይጠቀም ሊያደርገው ይችላል። እናትየው «ልጄ አልታመመም፣ ይበላል፣ ግን አይፋፋም» ስትል ስለ ልጇ በትክክል እየተናገረች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ የባሌ ልጅ ቢያጥር ተራራው አሳጥሮት እንደሆነስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ቃለአብ ባዬ ከሂርቮነን ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ ክብደት ሰጥቶታል። ከ59 አገሮች የተሰበሰበ ከ900 ሺህ በላይ የሕፃናት የቁመት መረጃ መርምረው፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሕፃናት ቁመት፣ ቁመትን ከዕድሜ ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ፣ 0.16 ነጥብ ያህል እንደሚወርድ አገኙ። ከ1,500 ሜትር በላይ የተወለዱ ሕፃናት በተሟላ ቤት ውስጥ ቢያድጉ እንኳ ከቆላው አቻዎቻቸው ያጥራሉ፤ መዘግየቱም የሚበረታው በልደት ዙሪያ ነው። ይህን ግኝት ማድበስበስ አይገባም፤ ለጎባ ነፍሰ ጡር የሚደረገው ክትትል ለቆላ ነፍሰ ጡር ከሚደረገው የተጠናከረ መሆን እንዳለበት ይናገራልና። ነገር ግን ቁጥሩን ወደ ሮቤ አምጥተን እናስላው። ለ2,500 ሜትር ከፍታ የሚደርሰው ቅናሽ 0.4 ነጥብ ገደማ ነው። ሕፃን ቀነጨረ የሚባለው ከመካከለኛው 2 ነጥብ ሲወርድ ነው። ተራራው ከዚህ መንገድ አንድ አምስተኛውን ቢወስድ፣ አራት አምስተኛው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ከፍታውን መቀየር አንችልም። ምድጃውን፣ ወለሉንና ሳህኑን ግን መቀየር ይቻላል።

ከዚህም በላይ ቁመት የልጅ ዕድገት አንዱ ምልክት እንጂ ሙሉ ዕድገቱ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ ክብደት የአዋቂን ሩብ ያህል ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሲያልፍ ወደ አራት አምስተኛው ይጠጋል። በእነዚያ ወራት አንጎሉ የሚሠራው ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከሚመለሱለት ድምፆችና ዓይኖችም ነው። በዚህ ረገድ በዓለም ላይ እጅግ የሚጠቀሰው ጥናት በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተሠራው ነው። ሳሊ ግራንተም-ማክግሬገርና ባልደረቦቻቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸውን 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የወተት ዱቄት ተሰጠ። ለሌሎቹ አንዲት የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች እናትየዋን ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳየች። ለሦስተኞቹ ሁለቱም ሲደረግ አራተኞቹ ምንም አልተደረገላቸውም። የወተቱ ጥቅም ከዓመታት በኋላ ደበዘዘ። የጨዋታው ግን ቀረ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የጨዋታው ድጋፍ የተደረገላቸው ወጣቶች ገቢ ካልተደረገላቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ቀንጭሮ የማያውቅ እኩያቸውንም ደረሱበት።

ይህ ሩቅ አገር ነው የሚል ካለ፣ ወደ ጅማ ይምጣ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የውጭ የዕድገት መመዘኛ ለጅማና ለአካባቢዋ ሕፃናት እንዲስማማ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ፤ ቀጥለውም በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት ከሕክምናው ጎን ለጎን ጨዋታ ሲጨመርላቸው የእንቅስቃሴ ችሎታቸው እንደሚሻሻል አሳዩ። የባሌ ቤቶች ለዚህ የሚሆን ሀብት አላቸው። በብዙ የሮቤ ቤቶች ኦሮምኛና አማርኛ አብረው ይነገራሉ። አያቶች በኦሮምኛው ሂቦና በአማርኛው እንቆቅልሽ ልጆችን ሲያሟግቱ ያመሻሉ፤ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ደቦም ይውላል። ችግሩ ብዙው ንግግርና ጨዋታ ልጁ አፍ ከፈታ በኋላ የሚጀምር መሆኑ ነው። የስድስት ወር ሕፃን «ገና ምን ያውቃል?» ይባላል። ሳቁን፣ ጩኸቱን፣ ወደ ማንኪያው የዘረጋውን እጅ እንደ ንግግር ቆጥሮ መመለስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሕፃኑ እንደሚያውቅ ማመንና ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ግን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ነው። እኛም በጢስ ቤት፣ ከጥጃ ጋር ተኝተን፣ ገብስ በልተን አድገናል፤ ምን ሆንን? የሚለው ክርክር ከእውነተኛ ኩራት የመነጨ ነው። የባሌ ሰው ጽናትም የተመሰከረለት ነው። ሆኖም ይህን የሚናገሩት የተረፉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው ጥናት በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ወደ 59 ወርዷል። ያወረዱት ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የአጎበርና የውኃ ሥራ ናቸው፤ የሕፃናቱ ዕድል ብቻውን አልተለወጠም። የተረፉትም ቢሆኑ ሳይከፍሉ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው «የረሃብ ዋጋ» ጥናት በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉት ኢትዮጵያውያን 67 በመቶው በልጅነታቸው ቀንጭረው እንደነበር፣ አገሪቱም በዚሁ የተነሳ በአንድ ዓመት 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ምርቷ 16.5 በመቶ ያህል እንዳጣች አስልቷል። የሲናና ገበሬ አንድ የስንዴ ዝርያ በአንዱ ማሳ ሰላሳ ኩንታል፣ በሌላው ማሳ አሥራ አምስት ቢሰጠው ዘሩን «ዕድሉ ነው» አይለውም፤ አፈሩን፣ እርጥበቱንና ዋጉን ይመረምራል። ለልጅም የሚገባው ይኸው ጥያቄ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከሳይንሱ ውስጥ ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል። በባንግላዲሽና በኬንያ ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በዚምባብዌ ደግሞ በ2019 የወጡ ትልልቅ ሙከራዎች ለገጠር ቤተሰቦች መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የውኃ ማከሚያ ሰጥተው የሕፃናቱ ቁመት አለመጨመሩን አሳይተዋል። የተሻሻለ ምድጃ ማከፋፈልም በሌሎች አገሮች የተጠበቀውን ያህል የሳምባ ምችን አልቀነሰም። ታዲያ ቤቱን መለወጥ ምን ያደርጋል? ለዚህ መልስ ያገኘሁት ከሙከራዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ዶሮው በቤት ካደረ፣ ውኃው ታክሞ ልጁ የሚድኽበት መሬት ያው ፍግ ከሆነ፣ ጀርሙ መንገድ አልጠፋውም። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ራሳቸው የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ የተሰጠው ነገር ለሕፃኑ ንጹሕ አካባቢ ለመፍጠር አነሰ። ሁለተኛ፣ በባንግላዲሽ ቁመቱ ባይለወጥም የሕፃናቱ የቋንቋ፣ የእንቅስቃሴና የማኅበራዊ ግንኙነት ውጤት በመጠኑ ተሻሽሎ ነበር። ቁመትን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያየውም። ሦስተኛ፣ የተመጣጠነ ምግብ በተጨመረባቸው ቤቶች ቁመቱ ጥቂትም ቢሆን ጨምሯል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ነገሩን ቆራርሶ መስጠት እንደማይበቃ ነው። ዘንድሮ መጸዳጃ ቤት፣ ከርሞ ምድጃ፣ ከዚያ ወዲያ የምግብ ሠርቶ ማሳያ እየተባለ በየተራ በሚመጣ ዘመቻ የልጁ ሦስት ዓመት ያልፋል።

«መጀመሪያ ድህነቱ ይወገድ» የሚለው ክርክር ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቆርቆሮ ይመታል፣ ወለል ያስለስናል፣ እንቁላሉን አይሸጥም። ግን ከላይ እንዳየነው የእህል ገቢ ባለበትም ልጅ ይቀነጭራል፤ ገቢው ወደ ሕፃኑ ክልል እንዲገባ የሚያደርግ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያም የእናት ጊዜ ነው። የባሌ ሁለት ወቅት በረከት ነው፤ ለሴቷ ግን ሁለት የአረም ወቅት፣ ሁለት ጊዜ ለሠራተኛ ምግብ ማዘጋጀት፣ ሁለት ጊዜ እህል ማበጠርና ማስገባት ነው። ኮምባይነሩ የአጨዳውን ጉልበት ቀንሷል፤ ውኃ ግን አይቀዳም፣ እንጨት አይለቅምም፣ ልጅ አያጠባም። ስለዚህ ሕፃኑ ለሰባት ዓመቷ እህቱ ይተዋል፤ የቀዘቀዘ ገንፎ ታጎርሰዋለች፣ ወይም ሲያለቅስ ይቆያል። አገሪቱ ይህን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017ና በ2019 የወጡት የመንግሥትና የግል ሠራተኞች አዋጆች ለወላድ ሴት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥተዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ጎባ ሆስፒታል ወይም መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ እናት ይህ መብት አላት። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ማሳ የምታርም እናት የላትም፤ የሁለቱ ሕፃናት አንጎል ግን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የሚያድገው። ይህን ልዩነት እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበል አልችልም። ጥፋቱን በእናቶች ላይ የሚያሳርፍ «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ሪፖርትም አልቀበልም፤ ብዙዎቹ የሚያንሳቸው ሰዓት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

መንግሥት ስለ ሕፃናት ብዙ እየሠራሁ ነው ሲል የሚጠቅሰው የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከመጣ ወዲህ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው የኦ ክፍል በየትምህርት ቤቱ ተከፍቶ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሽፋን በጥቂት ዓመታት ከ5 በመቶ ገደማ ወደ 46 በመቶ ገደማ ደርሷል። የሚደነቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የኦ ክፍል ልጁን የሚያገኘው በስድስት ዓመቱ አካባቢ ነው። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያለው ጊዜ፣ ማዕቀፉ ራሱ ለጤናው ዘርፍና ለወላጆች የሰጠው፣ በተግባር የክትባትና የክብደት መለኪያ ጊዜ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ምን ይቻላል? አዲስ ተቋም ማቋቋም የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኛ አለው። እናት ልጇን ይዛ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9ና በ15 ወር ለክትባት ትመጣለች፤ እነዚህ አምስት ቀናት ማንም ቤት ሳያንኳኳ እናቲቱና ሕፃኑ አብረው የሚገኙባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ ተጨምሮ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ማለዳ ፀሐይ፣ ስለ ዶሮ ማደሪያ ቢነጋገሩ፣ አባትም እንዲመጣ ቢጠራ፣ ወጪው ከአንድ ዓመት ዘመቻ ያነሰ ነው። የአባት መምጣት ጌጥ አይደለም፤ ዶሮ ቤቱን የሚሠራው፣ ጭስ ማውጫውን የሚከፍተው፣ ከኩንታሉ ላይ ለባቄላ መግዣ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለእናት ጊዜ ደግሞ ምሳሌው በእጃችን አለ። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ተለቅቀው ድጋፉ እንዳይቋረጥባቸው፣ በሥራ ቦታም የሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ በመመሪያው ይዟል። በትርፍ አምራቹ ደጋ ይህን ማድረግ የሚችሉት የገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች ናቸው። በአረም ወር ለአንዲት የታመነች ሴት ከፍሎ የአሥር ቤት ሕፃናትን በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ማዋል ለአንድ ዩኒየን ከማዳበሪያ ማመላለሻ ወጪው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከተሞቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። አዲስ አበባ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቀዳማይ ልጅነት ልማትን የከተማ አስተዳደር ሥራ አድርጋ የቤት ለቤት የወላጆች ምክርን፣ የሕፃናት ማቆያዎችንና የሰፈር መጫወቻ ቦታዎችን ይዛ ተነስታለች። ሮቤ በፍጥነት የምታድግ ከተማ ናት፤ አዳዲሶቹ ሰፈሮች በግቢ ተከፋፍለው መንገዱ ለባጃጅና ለጭነት መኪና ሲተው፣ ገጠሩ ለልጁ ይሰጠው የነበረው ደጅ እንኳ ይጠፋል። መሬቱ ገና ሳይሸነሸን የመጫወቻ ቦታ መከለል ከሃያ ዓመት በኋላ ቤት ከማፍረስ ይቀላል። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በጎባ የጤና ተማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ለጅማ ሕፃናት የተዘጋጀው መመዘኛ ለባሌ እንዲስማማ አድርጎ ሕፃናት መቼ እንደሚቆሙ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚጠቁሙ፣ መቼ ሁለት ቃል እንደሚያገናኙ በየቀበሌው ሊለካ ይችላል። ሲናና የስንዴን ምርት በሄክታር የሚመዘግበውን ያህል በጥንቃቄ የሚመዘገብ የሕፃናት ዕድገት መረጃ ከኖረ፣ የዞኑ አስተዳደር በየዓመቱ መጨረሻ ስለ ኩንታሉ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ሁለተኛ ዓምድ መጨመር ይችላል፤ ቁመታቸው፣ ደማቸውና ንግግራቸው ለዕድሜያቸው የደረሰ የሁለት ዓመት ልጆች ብዛት።